ትምህርት 14፦ የአሠራር ገለጻ

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ድርሰት የአሠራር ገለጻ ይባላል። በልብ ወለድ ታሪክ የድርጊቶችን ቅደም ተከተል ማለዋወጥ የደራሲው ስልት ሊሆን ይችላል። በአሠራር ገለጻ ግን ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ አንባቢው ዕቃውን ያበላሻል፤ ራሱንም ይጎዳል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ የትኛው ተግባር ከየትኛው እንደሚቀድም በምን እንደ ተመለከተ ልብ በሉ።

ምንባብ፦ አሮጌውን የኤሌክትሪክ ትራክተር ማሻሻል

ጄነራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1969 (እ.ኤ.አ.) «ኤሌክ-ትራክ» የተሰኘ የጓሮ ትራክተር ለገበያ አቀረበ። ትራክተሩ ሣር ያጭዳል፤ በረዶ ይጠርጋል፤ ጋሪ ይጎትታል። ኀይሉን የሚያገኘው እያንዳንዳቸው 6 ቮልት ከሆኑ ስድስት ባትሪዎች ስለሆነ ድምሩ 36 ቮልት ነው። ምርቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቢቋረጥም ሞተሩ ጠንካራ በመሆኑ ዛሬም እየጠገኑ የሚሠሩበት ሰዎች አሉ።

ደካማው ጎኑ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ነው። በቀድሞው አሠራር ትራክተሩ በዝግታ እንዲሄድ ሲፈለግ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሬዚስተር ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚያግድና ያገደውን ኀይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ሞተሩ 18 ቮልትና 50 አምፔር ቢፈልግ ቀሪው 18 ቮልት በሬዚስተሩ ውስጥ ይባክናል። 18 በ50 ሲባዛ 900 ዋት ይሆናል። ሞተሩ ለሥራ የሚወስደውን ያህል ኀይል በከንቱ አየር ያሞቃል ማለት ነው።

የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይህን ብክነት ያስቀራል። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ኤሌክትሪኩን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ያበሩታል፤ ያጠፉታል። የበራበትና የጠፋበት ጊዜ እኩል ሲሆን ሞተሩ በአማካይ 18 ቮልት ያገኛል፤ ከባትሪው የሚወጣው ግን 50 ሳይሆን 25 አምፔር ገደማ ብቻ ነው።

ለውጡ ሲካሄድ አስቀድሞ ትራክተሩ በክሪክ ተነሥቶ የኋላ ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛው ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ የባትሪዎቹን ገመድ ይፈታል። ሬዚስተሩ ከወጣ በኋላ አዲሱ መቆጣጠሪያ ሙቀት በሚያስተላልፍ የብረት ሳህን ላይ በብሎን ይታሰራል። ከባትሪው የሚመጣው መሥመር በፊውዝና በዋናው ማብሪያ በኩል ወደ መቆጣጠሪያው፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል ይሄዳል። በሞተሩ ዙሪያ ላለው ለማይሽከረከረው ጥቅል ሽቦ ግን የራሱ መሥመር ይዘረጋለታል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ይህ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። ይህ ከተዘነጋ ጭነት የሌለበት ሞተር ከልክ ባለፈ ፍጥነት ተሽከርክሮ ሊሰባበር ይችላል። ዋናው ማብሪያም አዲስ መሣሪያ ገብቷል ተብሎ አይወገድም። ትራንዚስተር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ እንደ በራ ይቀራልና፣ ያን ጊዜ ትራክተሩን የሚያቆመው ይኸው ማብሪያ ነው።

ማብራሪያ

«ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ የባትሪዎቹን ገመድ ይፈታል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ። «አውልቆ» ቦዝ አንቀጽ ነው። ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ነገር ግን ማውለቁ ከመፍታቱ እንደሚቀድም ያመለክታል። «ገመዱን ይፈታል፤ ቀለበቱንም ያወልቃል» ቢባል ኖሮ ሁለቱም ተግባራት መኖራቸው ይታወቃል እንጂ ቅደም ተከተላቸው አይለይም። ቀለበት የባትሪን ሁለት ጫፎች ቢያገናኝ በቅጽበት ግሎ ጣትን ያቃጥላል። ስለዚህ እዚህ ላይ የአንቀጹ ምርጫ የውበት ጉዳይ አይደለም።

«ይቀመጣል»፣ «ይታሰራል»፣ «ይዘረጋለታል» የሚሉት ግሦች ደግሞ ተደራጊ ናቸው። በአሠራር ገለጻ ዋናው ነገር ሥራው እንጂ ሠሪው ስላልሆነ ይህ ዐይነት አነጋገር ይበዛል። «ሠራተኛው» ተብሎ በግልጽ የተጠራው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም።

መልመጃ

ከምንባቡ ውስጥ ከ«አውልቆ» ሌላ ቦዝ አንቀጾችን አውጡ፤ እያንዳንዱ ከየትኛው ግሥ እንደሚቀድምም ተናገሩ። ቀጥሎ «ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት» የሚለውን ሐረግ «ሞተሩ ከተነሣ በኋላ» በሚለው ተክታችሁ ምን አደጋ እንደሚከተል በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። በመጨረሻም የብስክሌት ጎማ መለጠፍን ወይም በቤታችሁ የለመዳችሁትን ሌላ ሥራ መርጣችሁ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የአሠራር ገለጻ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብባችሁ የተደናገረበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት።