የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ በሙቅ ገንዳ

ፍጥረት ሁሉ የሚስማማው አገር አለው። የደጋ ገብስ በበረሃ ቢዘራ ፍሬ አይሰጥም፤ የቆላ ማሽላም ውርጭ በሚወርድበት አገር ቢዘራ ብርዱ ያጠፋዋል። ይህ ነገር በምድር ላይ ብቻ አይደለም፤ በባሕር ውስጥም ደጋና ቆላ አለ።

የባሕር ቆላ እንደ ቀይ ባሕር ያለው ሙቅ ባሕር ነው። በዚያ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት እርስ በርሳቸው ተያይዘው ድንጋይ የመሰለ ቤት ይሠራሉ። በቤታቸውም መካከል መልካቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዓሦች ይኖራሉ። ለእነዚህ ኮራሎች የሚስማማቸው ውሃ ሙቀቱ ከ23 እስከ 29 ዲግሪ የሚሆን ነው።

የባሕር ደጋ ግን በአሜሪካ አገር የካሊፎርኒያን ጠረፍ የመሰለ ነው። በዚያ ባሕር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ወንዝ ሆኖ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይፈስሳል። ስለዚህ ባሕሩ በበጋ ጊዜ እንኳ እንደ ቀይ ባሕር አይሞቅም።

በዚህ ባሕር፥ በካታሊና ደሴት አጠገብ፥ የካታሊና ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይገኛል። ርዝመቱ 6 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ገላው እንደ ፍም ቀይ ነው፤ በላዩም ሰማያዊ መስመሮች አሉበት። በአለት መካከል ይኖራል፤ ጠላት ሲመጣበትም እሾሁ እንደ ጃርት በሆነ የባሕር ፍጥረት ሥር ይሸሸጋል። መልኩ እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ነጋዴዎች ይሸጡታል።

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ ማየት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በለንደን ከተማ በአራዊት ማሳያው ሥፍራ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1853 ዓመት ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፍቶ ነበር። ዛሬ በቤታቸው የጨው ውሃ በገንዳ ሞልተው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ውሃውንም 25 ወይም 26 ዲግሪ ያህል ያሞቁታል።

እንዲህ ያለ ገንዳ የነበረው አንድ ሰው ወደ ገበያ ሄዶ ያን ቀይ ዓሣ አየና ወደደው። ዋጋውን ጠየቀ፤ አገሩን ግን አልጠየቀም። ወደ ቤቱም ወስዶ በኮራሉ መካከል ጨመረው። ዓሣው በመጀመሪያው ቀን ዋኘ፥ በላም። ሰውዬውም «ተስማማው» ብሎ ደስ አለው። ነገር ግን ቀን በቀን የዓሣው ትንፋሽ እየፈጠነ፥ ጕልበቱም እየደከመ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላም ሞቶ ተገኘ።

ሰውዬው እጅግ አዝኖ ዓሣ ማኖር ወደሚያውቅ ጎረቤቱ ሄደና «መብል አላጎደልሁበትም፤ ውሃውም ንጹሕ ነበረ። ምን ገደለው?» ብሎ ጠየቀው።

ጎረቤቱም እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «ወዳጄ፥ ሙቀቱ ነው። የሰው ገላ በብርድም በሐሩርም ሙቀቱን ይጠብቃል፤ የዚህ ዓሣ ገላ ግን ውሃው ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። ገላውም ሲሞቅ ልቡ ይፈጥናል፤ ብዙ ኦክሲጅንም ይፈልጋል። ሙቅ ውሃ ግን የሚይዘው ኦክሲጅን ጥቂት ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በ15 ዲግሪ 8 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ በ27 ዲግሪ ግን 6 ተኩል ያህል ብቻ ነው። ዓሣህ ሌሊትና ቀን ዳገት እንዲሮጥ እንደ ተፈረደበት ሰው ሆኖ ነበር።»

ሰውዬውም «እንግዲያስ ሌላ ልግዛና ውሃውን ላቀዝቅዝለት» አለ።

ጎረቤቱ ግን «ለዓሣው የሚስማማውን ያህል ብታቀዝቅዘው ኮራሎቹ ይጐዳሉ፤ በመካከል ብታደርገውም ለሁለቱም አይመችም። ይህን ዓሣ ከወደድህ ለብቻው ሌላ ገንዳ አዘጋጅለት፤ ውሃውንም በማቀዝቀዣ መኪና ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አድርገህ ጠብቅለት። ይህን ማድረግ ካልቻልህ አትግዛው» አለው።

ሰውዬው ገንዘቡን ቈጥሮ ለሁለተኛ ገንዳ እንደማይበቃው አወቀ። ከዚያ በኋላ በገበያው ባለፈ ጊዜ ቀዩን ዓሣ ቆሞ ያየው ነበር፤ ነገር ግን አልገዛውም። በዓሣው ፋንታ ከሙቅ ባሕር የመጣ ሌላ ዓሣ ወሰደ፤ ከመውሰዱም አስቀድሞ አገሩን ጠየቀ።

እንግዲህ የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ለሙቅ የኮራል ገንዳ አይሆንም። ጥቂት ቀን መቆየቱም እንደ ተስማማው አያስረዳም። መውደድ ማለት ያማረውን ይዞ ወደ ቤት ማግባት ብቻ አይደለም፤ የተወደደው ፍጥረት ምን እንደሚያስፈልገው ማወቅ ነው። ዓሣ አንደበት የለውምና «ሞቀኝ» ብሎ አይናገርም፤ ስለ እርሱ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው የሚያኖረው ሰው ነው።