እንቅርትና የልጆች ጨው

ጥያቄ፦ በመንደራችን እንቅርት የሚበዛው በድሃ ልጆች ላይ ነው። ለምን?

መልስ፦ መነሻው የአዮዲን እጥረት ነው፤ ድህነት ያባብሰዋል። በደጋ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ስለሚያጥበው እህሉ አዮዲን ያንሰዋል። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የማያገኝ ልጅ ተስፋው ጨው ብቻ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከዚያ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ፤ ገበያውን አዮዲን ያልተጨመረበት የአፋር ጨው ያዘው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ችግረኛው የሚሸምተው በጆንያ ተከፍቶ ፀሐይ የመታውን፣ አዮዲኑ የቀነሰውን ርካሹን ጨው ነው።

እኔን ከእንቅርቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የማይታየው ጉዳት ነው፦ እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ካጣች የልጇ አእምሮ እድገት ይጎዳል።

አዮዲን ያለበት የታሸገ ጨው ይግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ። አንገቱ ያበጠ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።