ደም ያለበት ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ነውን?

በሮቤና በጎባ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሲታይ አስቀድሞ የሚታሰበው አሜባ ነው። ተቅማጡ ግን ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ክሳትና የደም ማነስም ከተጨመሩበት፣ የአንጀት ብግነትን ማሰብ ይገባል።

ብግነቱ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አልሰራቲቭ ኮላይትስ የሚባለው ከፊንጢጣ ተነሥቶ ሳይቋረጥ ወደ ላይ እየወጣ የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ያቆስላል። በ1932 እ.ኤ.አ. ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ የገለጹት ደግሞ ይልቁንም የትንሹን አንጀት መጨረሻ ይይዛል፤ እዚህም እዚያም እየዘለለ ግድግዳውን ዘልቆ ይጎዳል።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል፤ ይኸውም ትኩስ ሰገራን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ቀጥሎ የደም ምርመራ፣ በመጨረሻም ኮሎኖስኮፒና የሥጋ ናሙና ይመጣሉ። ከሁሉ የሚያስቸግረው የክሮን ሕመም ከአንጀት ነቀርሳ ጋር መመሳሰሉ ነው። ብግነቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ሳይለዩ ቢሰጡት አሜባው አንጀትን ሊበሳ፣ ነቀርሳውም በሰውነት ሊዛመት ይችላል።

እነዚህ አለመኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ ለቀላሉ ኮላይትስ ሰልፋሳላዚን፣ ለጠናው ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ይሰጣል፤ መድኃኒት ያልመለሰውን ቀዶ ሕክምና ይረዳዋል።

እንግዲህ ለወራት ያስቀመጠው ገበሬ ከዲንሾ ተነሥቶ ጎባ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ያንኑ የአሜባ መድኃኒት ከመድገማችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ወሰደው ጠይቁት።