ምዕራፍ 7፦ እየተከራዩ ባለቤት መሆን

በወላይታዋ አረካ ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ወጣት ከሸቀጡ በፊት የሚያሳስበው የቤቱ ጉዳይ ነው። ወላይታ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የቤተሰቡ ማሳ ለልጆች ሁሉ አይዳረስም፤ ብዙዎችም ፊታቸውን ወደ ከተማ ንግድ ያዞራሉ። ቤት ሠርቶ መነሳት ከአቅም በላይ ሲሆን የኮንቴይነር ወይም የቆርቆሮ ሱቅ አማራጭ ይሆናል። በ1990ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፉት፣ በወቅቱ ከንቲባ ስም የተጠሩት «የአርከበ ሱቆች» ትንሽ ሱቅ ለጀማሪ ነጋዴ በቂ መነሻ መሆኑን አሳይተዋል። ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ በየወሩ እየከፈሉ በመጨረሻ የራስ የማድረግ ውል አለ። ይህ ውል የሚጠቅመው ግን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ሲመለስ ነው፦ መሃል ላይ ክፍያው ቢቋረጥ እስከዚያ የተከፈለው ገንዘብ ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መለኪያ የሚሰጠን የአገራችን ሕግ ነው። በ1990 የወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 በዋናነት ማሽንና መሣሪያን ታሳቢ ያደረገ ቢሆንም የዱቤ ግዢን ከተራ ኪራይ ለይቶ ያስቀምጣል፤ በዱቤ ግዢ እያንዳንዱ ክፍያ የባለቤትነት ድርሻ ያስተላልፋል፣ በመጨረሻው ክፍያም ዕቃው የተከራዩ ይሆናል። በአሜሪካ በተለመደው ተንቀሳቃሽ ጎጆን እየተከራዩ የመግዛት ውል ግን ተከራዩ ጎጆውን በፈለገ ጊዜ መመለስ ቢችልም የከፈለው በአብዛኛው እንደ ኪራይ ተቆጥሮ ይቀራል። የሁለቱም ወርሃዊ ክፍያ አንድ ሊሆን ይችላል። በ20ኛው ወር ንግዱ የተቀዛቀዘበት ሰው ግን በመጀመሪያው ውል ሀብት ይዞ ይደራደራል፤ በሁለተኛው ባዶ እጁን ይወጣል።

«በጠቅላላው ሲደመር ይወደዳል፤ ቆጥቦ ወይም ዕቁብ ገብቶ መግዛት ይሻላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነትነት አለው፤ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። ለስሌት ያህል የእጅ በእጅ ዋጋው 180,000 ብር የሆነ ኮንቴይነር በወር 9,000 ብር ለ30 ወር ቢሸጥ ድምሩ 270,000 ይሆናል። ገዢው አሁን በወር 4,000 ብር የሱቅ ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ከ9,000ው የሚተርፈው 5,000 ብቻ ነው፤ 180,000 ለመሙላት 36 ወር ይፈጅበታል፣ ለኪራይም 144,000 ይከፍላል። ጠቅላላ ወጪው 324,000 ስለሚደርስ ውሉ ይሻለዋል። ኪራዩ 2,000 ብር ከሆነ ግን በ26 ወር ይሞላለታል፤ ወጪው ወደ 232,000 ስለሚወርድ ቁጠባው ይበልጣል። የኮንቴይነር ዋጋ በመሃል ከናረ ስሌቱ እንደገና ወደ ውሉ ያደላል። ስለዚህ ወሳኙ የሻጩ ትርፍ ብቻ ሳይሆን አሁን የሚከፍሉት ኪራይም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ መሬቱ የራስ ካልሆነ ኮንቴይነሩ ምን ይረባል? በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ ኮንቴይነር ገዝቶ ቦታውንም ገዛሁ ማለት ስህተት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሬትንና ሕንጻን የማይንቀሳቀስ ሀብት ብሎ ከሌላው ንብረት ይለያል፤ ቅርጹ ሳይጠፋ ከቦታ ቦታ የሚወሰድ ኮንቴይነር ግን ተንቀሳቃሽ ነው። ቦታውን መልቀቅ ቢመጣም ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ይነሳል፤ በ2011 በወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ መሠረትም ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን የማስቀመጫ ቦታው ፈቃድ ወይም የቦታው ኪራይ ውል ኮንቴይነሩ ከመምጣቱ በፊት በእጅ ሲገባ ነው።

እንግዲህ ከመፈረምዎ በፊት የእያንዳንዱ ክፍያ ድርሻ፣ ክፍያ ሲዘገይ የሚሰጠው ጊዜ፣ ቀሪውን በአንዴ ከፍሎ የመጨረስ መብትና የማጓጓዣው ወጪ ከፋይ በውሉ ላይ መስፈራቸውን ያረጋግጡ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካልፈቀደ የሚያቀርብልዎ ተራ ኪራይ ነውና በተራ ኪራይ ዋጋ ይደራደሩ።