ሕፃኑ ጡት አልይዝ ሲል

ጥያቄ፦ የ4 ቀን አራስ ነኝ። ልጄ ጡት ይይዝና ወዲያው ለቆ ያለቅሳል። ጡቴም ቆስሏል። እናቴ «ስኳር በጥብጠሽ አቅምሺው» ትላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ስኳርም ቅቤም አታቅምሺው። ሆዱን ከሆድሽ አጣብቂና አፉን በሰፊው ሲከፍት ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ክፍል ጭምር አጉርሺው። አገጩ ጡትሽን ከነካ፣ የታች ከንፈሩም ወደ ውጭ ከተገለበጠ በደንብ ይዟል። ካመመሽ ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና ሞክሪ። እስኪለምድ በእጅሽ አልበሽ በንጹህ ስኒ ስጪው፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ዛሬውኑ አዋላጅ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስታጠቢ ትይሽ። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በቀን ከ6 ጊዜ በታች ከሸና፣ ከፈዘዘ፣ ካተኮሰው ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰጂው።