የጠጠር ጉድጓድ ዕዳ ማን ይከፍላል?

ጋምቤላ ላይ በካባ ሥራ ገንዘባቸውን ለሚያውሉ የቀረበ ትምህርት

አንድ ቢያጆ ጠጠር ሲሸጥ በዋጋው ውስጥ ብዙ ነገር ይታሰባል። የኤክስካቫተሩ ኪራይ፣ ናፍጣው፣ የሾፌሩ አበል፣ የደላላው ኮሚሽን፣ በመጨረሻም የባለካባው ትርፍ አለበት። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ወጪ ቢኖር ጠጠሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ጉድጓዱን መልሶ መሬት የማድረጊያው ወጪ ነው። ይህ ወጪ በመዝገብ ባይጻፍም አይጠፋም። ዕዳ ሆኖ ይቆይና ካባውን መጨረሻ ላይ በያዘው ሰው፣ ያም ካልሆነ በአካባቢው ነዋሪ ላይ ይወድቃል። የዛሬው ጽሑፋችን የጋምቤላን ሁኔታ ምሳሌ በማድረግ ይህ ዕዳ እንዴት እንደሚሰላና እንዴት እንደሚከፈል ያሳያል።

ለምን ጋምቤላ?

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢታንግና ጂካዎ አቅጣጫ የተዘረጋው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። ይህ አፈር ዝናብ ሲያገኘው ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ስለሆነም መንገድም ሆነ መጋዘን ለመሥራት አስቀድሞ ገረጋንቲና ጠጠር ማልበስ ግድ ይላል። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ በክልሉ በርካታ የስደተኞች መጠለያዎች መከፈታቸው ደግሞ ፍላጎቱን ጨምሮታል።

የሜዳው ጠባይ በ2006 ዓ.ም. ክረምት በግልጽ ታይቷል። የሌችዎር መጠለያ በጎርፍ በመጥለቅለቁ ስደተኞቹን በ2007 ዓ.ም. ወደ ጀዊና ፑኝዶ ማዛወር አስፈልጎ ነበር። ውኃ በሚተኛበት በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ተቆፍሮ ክፍት የቀረ ካባ ዝናቡ ሲገባ ኩሬ ይሆናል። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው የቆመ ውኃ የአገራችን ዋነኛ የወባ አስተላላፊ ትንኝ የምትመርጠው መራቢያ ነው። ጥልቁ ክፍል ደግሞ ለሕፃናትና ለከብት አደጋ ነው። በሌላ በኩል አኙዋኮች ጎርፉ ሲሸሽ በወንዝ ዳር በሚቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራሉ። የአሸዋና የጠጠር ፈላጊው ዓይን የሚያርፈውም በዚያው ዳርቻ ላይ ነው። እንግዲህ ዕዳው የጤናም፣ የእርሻም ዕዳ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ባለፈቃዱ የሚሸጠው ጠጠሩን እንጂ መሬቱን አይደለም። እንደ ተከራይ ነውና ቤቱን አስተካክሎ ማስረከብ አለበት።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የኮንስትራክሽን ማዕድን ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። አዋጁ ከባህላዊ አምራቾች በቀር የማምረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲያቀርብ፣ ባለፈቃዱም ለመሬቱ መልሶ ማቋቋሚያ ገንዘብ እንዲመድብ አዟል። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው የአካባቢ ይሁንታ መሰጠቱን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ያለ ይሁንታ ሥራ የጀመረ ሰው ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር እንደሚቀጣም በአዋጁ ሰፍሯል።

ለነጋዴው ከቅጣቱ ይልቅ የሚከብደው ሥራው መሐል ላይ መታገዱ ነው። መኪና ተከራይቶ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ የተዋዋለ ሰው ካባው ለአንድ ወር ቢዘጋበት ኪሣራው ከቅጣቱ ሊበልጥ ይችላል።

ሒሳቡ

ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ብቻ እንውሰድ። ካባው 100 በ100 ሜትር፣ ማለትም አንድ ሄክታር ነው፤ ጥልቀቱ 4 ሜትር ነው እንበል። ሻጩ 40 ሺህ ሜትር ኩብ አለ ይላል። በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና ሲካፈል 2,500 ቢያጆ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ጉድጓዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሊተው አይችልም። ዳሩ ለእያንዳንዱ ሜትር ቁመት ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ እየገባ ተዳፋት ይሁን ከተባለ፣ በየጎኑ 12 ሜትር ይወሰዳል። ያን ጊዜ የሚቆፈረው መጠን ወደ 31 ሺህ ሜትር ኩብ ይወርዳል። ከዚህ ላይ ተገፍፎ የሚቀመጠው የ30 ሳንቲ ሜትር የላይ አፈር 3 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ለሽያጭ የሚቀረው 28 ሺህ፣ በመኪና 1,750 ቢያጆ ነው። አፈሩ ሲቆፈር የሚጨምረውን መጠን ግን አልቆጠርንም። ካባውን በ2,500 ሒሳብ የገዛ ሰው በሕግ ሊያወጣው ለማይችለው 750 ቢያጆ ገንዘቡን ከፍሏል።

አሁን ጉድጓዱን ማስተካከያው 700 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። ከመጀመሪያው መኪና ጀምሮ ቢቀመጥ በአንድ ቢያጆ 400 ብር ይደርሳል። ነገሩ ትዝ ያለው 1,400 ቢያጆ ከተሸጠ በኋላ ከሆነ ግን የቀሩት 350 ብቻ ናቸውና በእያንዳንዱ ላይ 2,000 ብር ይጫናል። ይህን ዋጋ ገበያው አይቀበለውም። ጉድጓዶች ክፍት የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 አገራችን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንድትከተል ያደረገ ሲሆን፣ በነዚህ ደረጃዎች መሠረትም የማስተካከል ግዴታ በዕዳ መዝገብ የሚያዘው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ እንጂ ገንዘቡ በወጣ ጊዜ አይደለም።

ሥራው በቅደም ተከተል

የላይ አፈሩ ከሁሉ በፊት ተገፍፎ ከጠጠሩ ሳይደባለቅ፣ የጎርፍ መውረጃ ባልሆነ ቦታ ይከመራል። ያለዚያ ኋላ 3 ሺህ ሜትር ኩብ አፈር፣ ማለትም 188 ቢያጆ ያህል ከሌላ ቦታ መግዛት ይመጣል። ቁፋሮው ከወሰኑ 12 ሜትር ገብቶ እንዲቆም ከተደረገ በኋላ ተዳፋቱ ይበጃል። ወለሉ ውኃ እንዳያቁር መውጫ ይሠራለታል። በመጨረሻ አፈሩ ተመልሶ ሣር ይዘራበታል። በጋምቤላ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚበረታና ጥቁር አፈር ከራሰ በኋላ ዶዘር ስለሚይዝ፣ የአፈር ሥራው በበጋ ማለቅ አለበት። ነዋሪው ጉድጓዱ ለከብት መጠጫ ኩሬ ሆኖ እንዲቀር ከፈለገም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ከብቱ የሚገባበት ቀስ ያለ ተዳፋትም ይዘጋጅ።

ከመዋዋል በፊት

ገዢ ወይም ሸሪክ አራት ነገሮችን ይጠይቅ። ፈቃዱ በማን ስም ነው? ዝውውሩንስ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቀብሎታል? የአካባቢ ይሁንታውና የመዝጊያ ዕቅዱ አሉ? ለመልሶ ማቋቋሚያ የተመደበው ገንዘብ የት ተቀምጧል? ከቀበሌው ነዋሪ ጋር የተደረገው ስምምነት ቃለ ጉባኤ አለ? ሕጎች ስለሚሻሻሉም የቅርቡን ማሻሻያ ከክልሉ ፈቃድ ሰጪ ማጣራት ይገባል።

እንግዲህ ደላላው «2,500 ቢያጆ አለው» ሲል፣ ገዢው በልቡ 1,750 ብሎ፣ በእያንዳንዱም ላይ የጉድጓዱን 400 ብር ቀንሶ ዋጋውን መነጋገር ይጀምር።