ጆሮህን ተወው

ዱርቤቴ፤ ዳጉሳና ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን። ለብዙ ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የጎረቤታቸው ልጅ ከአውድማ ሲመለስ የክብሪት እንጨት ጆሮው ውስጥ እያዞረ አጠገባቸው ደረሰ።

አዛውንቱ፦ እስቲ ያችን ክብሪት ወዲያ ጣልና ቁጭ በል።

ወጣቱ፦ እንዴት ዋሉ አባባ? ቀኝ ጆሮዬ አላስቀምጥ ብሎኝ እኮ ነው። ሲያሳክከኝ ከረመ፤ ትናንት ግልገል ዓባይ ወርጄ ገላዬን ከታጠብኩ ወዲህ ደግሞ ድፍን አለ። እብቅ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ላወጣው ነው።

አዛውንቱ፦ ምን አወጣህ?

ወጣቱ፦ ትንሽ ኩክ።

አዛውንቱ፦ ትንሹን አወጣህ፣ ብዙውን ወደ ውስጥ ገፋህ። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ ታምቡሩ አለ። ኩክ የሚሠራው ከደጅ በኩል ባለው ሲሶ ላይ ብቻ ነው፤ ታምቡሩ አጠገብ አይሠራም። እዚያ ተጠቅጥቆ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የገፋው ባለቤቱ ነው። እህል እየጠቀጠቅህ ጆንያ እንደምትሞላው ማለት ነው። በሱቅ የሚሸጠው ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨትም ሥራው ያው ነው።

ወጣቱ፦ ካልተወጣ ታዲያ እዚያው ተከማችቶ አይቀርም?

አዛውንቱ፦ የብዙ ሰው ጆሮ ራሱን ያጸዳል። የጆሮ ውስጥ ቆዳ ከታምቡሩ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ አቧራውንም ኩኩንም ይዞ ይወጣል። ስታኝክና ስታወራ መንጋጋህ ያግዘዋል። ደጅ ሲደርስ ፊትህን ስትታጠብ በጨርቅ ትጠርገዋለህ፤ በቃ።

ወጣቱ፦ ኩክ ቆሻሻ አይደል እንዴ?

አዛውንቱ፦ አይደለም። ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ውሃ እንዳይዘልቅ ይከላከላል፣ ተዋሲያንም እንዳይራቡ ያግዳል። ዕለት ዕለት ጠራርገህ ስታወጣው ቆዳው ይደርቃል። የደረቀ ያሳክካል፤ ስታክከው ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር መልሶ ያሳክካል። አንተ እብቅ ነው ትላለህ እንጂ ክብሪቱ ነው።

ወጣቱ፦ ሁልጊዜ በመጎርጎር ነው የሚመጣው?

አዛውንቱ፦ ሌላም ምክንያት አለው። ችፌ ያለበት ሰው ጆሮውም ውስጥ ሊወጣበት ይችላል። ሳሙና ገብቶ ሳይታጠብ ከቀረም ያሳክካል። አንዳንዷ ሴት የምታደርገው ጉትቻ አይስማማትም። ጆሮ ረጥቦ ሲከርም ደግሞ ፈንገስ ይወልዳል፤ ያኔ ማሳከኩ ይብሳል፣ ፈሳሽም ይመጣል። ስለዚህ ዋኝተህ ስትወጣ ራስህን አዘንብለህ ውሃውን አፍስስ፣ ደጃፉን በንጹሕ ጨርቅ አድርቅ።

ወጣቱ፦ የእኔ ከታጠብኩ በኋላ መደፈኑስ?

አዛውንቱ፦ የተጠቀጠቀ ኩክ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳውን ይሞላዋል። መፍትሔው ማለስለስ ነው፦ በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ ያለ ንጹሕ የምግብ ዘይት 2 ወይም 3 ጠብታ፣ በጎንህ ተኝተህ ጥቂት ደቂቃ መቆየት፣ ከ3 እስከ 5 ቀን መደጋገም። መጀመሪያ ላይ ድፍንታው ሊብስ ይችላል፤ አትደንግጥ። ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ በለብታ ውሃ ያጥቡልሃል። ውሃው ከቀዘቀዘ ወይም ከጋለ ራስ ያዞራል፤ ቤት ውስጥ በመርፌ ቧንቧ እንዳትሞክረው።

ወጣቱ፦ ዘይት ለማንም ይሆናል?

አዛውንቱ፦ ጆሮው ለሚመግል፣ ለሚያመው፣ ታምቡሩ ተቀዶ ለሚያውቅ ሰው አይሆንም። ነፍሳት ገብቶ ሲፈራገጥ ግን፣ ታምቡሩ ደህና ለሆነ ሰው፣ ዘይት ጠብ አድርገህ ትገድለውና ባለሙያ ያወጣዋል። ልጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ከከተተ ውሃ እንዳታስነካው፤ እህሉ ያብጥና ይቀረቀራል።

ወጣቱ፦ የትንሿ እህቴ ጆሮ ከመስቀል ወዲህ ይመግላል። እናቴ የቅጠል ጭማቂ ጠብ ታደርግላታለች።

አዛውንቱ፦ ይኼን እስካሁን ዝም አልክ? መግል ከ14 ቀን ካለፈ ጤና ጣቢያ የሚመዘግበው የቆየ የጆሮ ኢንፌክሽን ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ከጉንፋን ይጀምራል፤ ጉሮሮንና የመካከለኛውን ጆሮ በሚያገናኘው ቱቦ ይገባና ታምቡሩን ቀዶ ይወጣል። በተቀደደ ታምቡር ላይ ጭማቂም ሆነ ቅቤ ወይም ወተት ስትጨምር ቆሻሻ ወደ ውስጥ መላክህ ነው። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛው ጠብታም ዓይነቱ ካልታወቀ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

ወጣቱ፦ እኛ ቤት ምን እናድርግላት?

አዛውንቱ፦ ማድረቅ ነው። ንጹሕ፣ ውሃ የሚመጥ ስስ ጨርቅ እንደ ፈትል ጠምዝዛችሁ፣ ያለ እንጨት፣ ቀዳዳው ውስጥ ታኖራላችሁ። ሲረጥብ አውጥታችሁ በሌላ ደረቅ ትተካላችሁ፣ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ። በቀን 3 ጊዜ ነው። ገላዋን ስትታጠብ ውሃ አይግባባት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከሕፃናት የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ይቻላል ብሏል፤ እንዲህ ያለው መግል አንዱ ነው።

ወጣቱ፦ በፍጥነት የሚያስኬድ ምልክት አለው?

አዛውንቱ፦ ከጆሮዋ ኋላ ካበጠና ሲነኩት ካመማት፣ ወይም ፊቷ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ በዚያው ቀን ይዛችሁ ሂዱ። ከጤና ጣቢያው አቅም ያለፈ ከሆነ ባሕር ዳር ይልኳችኋል። ለአዋቂም ቢሆን ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ቀን አይሰጥም።

ወጣቱ፦ እናቴ ቅጠሉን ተዪ ብላት ትቀየመኛለች።

አዛውንቱ፦ ቅጠሉ ክፉ ነው አትበላት። ታምቡሩ በመሣሪያ ሳይታይ ምንም ጠብ አይደረግም በላት፤ ይህን ከሰማች ነገ ራሷ ይዛት ትሄዳለች። አንተም አብረህ ሂድ። ክብሪት ስታመላልስበት ስለከረምክ፣ ያንተም ታምቡር ሳይታይ ያልኩህን ዘይት እንዳትጀምር።